የገረዲቱ ጥያቄ፦ ስለ ደቀ መዝሙር ታማኝነትና ድፍረት

ሰኔ ከተጋመሰ በኋላ በነበረ አንድ ሐሙስ ምሽት፣ የጅማ ዝናብ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየደበደበ እርስ በርስ ለመሰማማት ድምፃችንን ከፍ ማድረግ ግድ ባለን ሰዓት፣ በቤት ለቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ አንዲት እኅት ጥያቄ አቀረበች። በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሳይዘጋና ገንዘቡ ተመላሽ ሳይሆን በፊት፣ ገና ግምጃ ቤት ላልገባ ዕቃ ዕቃ ገቢ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ደረሰኝ፣ ሞዴል 19ን፣ ቆርጣ እንድትፈርም አለቃዋ ጠየቋት። «ዕቃው መንገድ ላይ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ይገባል፤ አንቺ ብቻ ፈርሚ» አሏት። እርሷ አልፈረመችም፤ ነገር ግን እንቢም አላለችም። በማግሥቱ ጠዋት ስልክ ደውላ «አሞኛል» አለችና ሁለት ቀን ቀረች። «እስቲ ንገሩኝ» አለችን፣ «ባለመፈረሜ ታማኝ ነኝ? ወይስ እንቢ ባለማለቴ ፈሪ ነኝ?»

አንዱ ወንድም ወዲያው «እንኳን አልፈረምሽ!» ብሎ አመሰገናት። ሌላው ደግሞ «በውሸት ከውሸት አመለጥሽ ማለት ነዋ» ብሎ አንገቷን አስደፋት። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ተከተለ፣ በረካውም አለቀ፤ ክርክሩ ግን አልረገበም። እኔም በዚያ ምሽት የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ታማኝነትና ድፍረት የሚሉትን ቃላት በየዕለቱ ስለምንጠቀምባቸው የምናውቃቸው ይመስለናል፤ የሚያስቸግረው ግን ይኸው ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከቃላቱ እጀምራለሁ።

«ደቀ መዝሙር» ከግእዝ የወረስነው ስም ሲሆን፣ ቃል በቃል ሲፈታ «የመዝሙር ልጅ» እንደ ማለት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙር የሚባለው ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከየኔታ እግር ሥር የሚቀመጥ ልጅ ነው። ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ መምህሩ ሲቆጣም፣ ሲጾምም፣ ሲታመምም አጠገቡ ሆኖ ያያል። የአዲስ ኪዳኑ የግሪክኛ ቃል ትርጉሙ «ተማሪ» ቢሆንም፣ የዚያ ተማሪ አኗኗር ማስታወሻውን ይዞ ክፍል ገብቶ ከሚወጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይልቅ ለዚህ ልጅ ይቀርባል። ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 3 ቁጥር 14 ላይ ኢየሱስ ዐሥራ ሁለቱን የመረጠበትን ምክንያት ሲናገር፣ ለስብከት መላካቸውን ከመጥቀሱ አስቀድሞ ከእርሱ ጋር እንዲኖሩ ነው ይላል። ይህችን «ከእርሱ ጋር» የምትለውን ሐረግ አንባቢዬ ይያዝልኝ፤ ኋላ በእሳት ዳር እናገኛታለን።

ታማኝነትን ለማስረዳት አማርኛ ራሱ ያግዘናል። አመነ፣ ታመነ፣ እምነት፣ አማኝ፣ ታማኝ፣ አሜን፤ ሁሉም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው፤ ዕብራይስጡም በዚሁ ሥር ይጠቀማል። በግሪክኛው አዲስ ኪዳን «እምነት» ተብሎ የሚተረጎመው ቃልም «ታማኝነት» የሚለውን ፍቺ አብሮ ይይዛል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረን ዐውዱ ነው። እንግዲህ አማኝ ሆኖ ታማኝ አለመሆን ለሰዋስውም የሚከብድ ነገር ነው፤ ምንም እንኳ በሱቃቸው ግድግዳ ላይ ጥቅስ ሰቅለው ሚዛን የሚያጎድሉ ሰዎች ብናውቅም። ታማኝነት አንድ ሰው ለሌላው «የእርስዎ ነኝ» ብሎ የገባው ቃል ዋጋ በሚያስከፍልበትም ቀን ሳይታጠፍ ሲገኝ ነው። የዚያን ቀን ስሜቱ ሞቅ ያለ ይሁን ቀዝቃዛ ብዙም ለውጥ አያመጣም።

ድፍረት ደግሞ ሁለት መልክ አለው። «ደፋር ነው» ስንል እያመሰገንን ወይም እየሰደብን ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው የድምፃችን ቃና ነው። ሽማግሌ ፊት እግሩን አነባብሮ የሚቀመጠውም፣ የአዌቱ ወንዝ ሲሞላ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ሰው የሚያወጣውም ጎረምሳ ደፋር ይባላል። አባቶች ለሰማዕታት «ጥብዓት» የሚለውን የግእዝ ቃል የሚመርጡት ይህን አሻሚነት ሸሽተው ይመስለኛል። የሐዋርያት ሥራ ስለ ጴጥሮስና ስለ ዮሐንስ ሲናገር የሚጠቀምበት የግሪክኛ ቃል ሲበተን «ሁሉን መናገር» ማለት ነው፤ በጥንቷ አቴና አንድ ነጻ ዜጋ በጉባኤ ቆሞ ያመነበትን ሳይፈራ የመናገር መብቱ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «በግልጥ» ይለዋል፤ መልካም ትርጉም ነው። በዚህ አካሄድ የደቀ መዝሙር ድፍረት ከክንድ በፊት የአንደበት ነው፤ የሆነውን ሆነ፣ ያልሆነውን አልሆነም ማለት ነው።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ይህን ልዩነት በአንድ ሌሊት ታሪክ ያሳየናል። ጭፍሮቹ ችቦና መሣሪያ ይዘው ወደ አትክልቱ ስፍራ ሲመጡ፣ ጴጥሮስ ሰይፉን መዝዞ ማልኮስ የሚባለውን የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ቀኝ ጆሮ ቆረጠ። ስለዚህ ጴጥሮስን በደፈናው ፈሪ ከሚሉ ሰባኪዎች ጋር አልስማማም። በታጠቀ ጭፍራ ፊት ሰይፍ የሚመዝ ሰው ፈሪ አይደለም፤ በዚያች ደቂቃ ቢወድቅ ኖሮ በእኛ አገር ደንብ ይፎከርለት፣ ይዘፈንለት ነበር። ሌሊቱ ሳይነጋ ግን ይኸው ሰው በሊቀ ካህናቱ ግቢ በፍም እሳት ዳር ቆሞ ሲሞቅ፣ በር የምትጠብቅ አንዲት ገረድ ጠየቀችው። ሰይፍ የላትም፤ ሰው የመያዝ ሥልጣንም የላትም፤ ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱም ስሟን አልጻፈውም። ማርቆስ እንደሚነግረን ያለችው «አንተ ደግሞ ከናዝሬቱ ከኢየሱስ ጋር ነበርህ» ነው።

ሐረጊቱ ይህቻት። ገረዲቱ ክስ ያቀረበች መስሏት የተናገረችው የደቀ መዝሙርነትን ትርጉም ራሱን ነው፤ ጴጥሮስም በማርቆስ ምዕራፍ 14 የካደው በምዕራፍ 3 የተመረጠበትን ምክንያት ነው። በአትክልቱ ስፍራ የተፈለገው ክንዱ ነበርና ክንዱን ሰጠ። በእሳቱ ዳር የተጠየቀው ግን የማን እንደ ሆነ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ሰይፍ የመዘዘው ድፍረት አልደረሰለትም።

ምን ጣለው? የሞት ፍርሃት እንደ ነበረበት አይካድም። እኔ ግን ሌላም ነገር አያለሁ፤ አማርኛ ደግሞ ለዚያ ነገር ልዩ ስም አለው፦ ይሉኝታ። «ይሉኛል» ከሚለው የወጣ ቃል ነው፤ ሰው ምን ይለኝ ይሆን እያሉ ራስን በሌላው ዓይን መመልከት። ይሉኝታን ክፉ ብቻ አድርጎ መሳል ስሕተት ነው። እንግዳ ሳይቀምስ እንዳይወጣ የሚያደርገን፣ በዝናብ ለቅሶ ቤት የሚያደርሰን፣ ያጣ ጎረቤት እያለ እንቅልፍ የሚነሣን እርሱ ነው፤ «ይሉኝታ ቢስ» የሚለው ስድብም ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ጣጣው የሚመጣው ይሉኝታ በጌታ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው። በዮሐንስ 12፥42-43 ከአለቆች ብዙዎቹ በኢየሱስ አምነው ሳለ፣ ከምኵራብ እንዳይወጡ ፈርተው እንዳልመሰከሩለት፣ ከእግዚአብሔር ክብር ይልቅ የሰውን ክብር እንደ ወደዱ ተጽፏል። ከምኵራብ መውጣት ለዚያ ዘመን ሰው ከእድር፣ ከማኅበር፣ ከሰርግና ከለቅሶ መውጣት ነበር። በጅማ ከእድር የተሰረዘ ቤተሰብ አስከሬን ይዞ ምን እንደሚሆን የሚገምት አንባቢ በእነዚያ አለቆች ላይ ለመፍረድ አይቸኩልም።

እኔም አልቸኩልም፤ የራሴ ምክንያት አለኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ትምህርቴን ጨርሼ የፈተና ውጤት በምጠብቅበት ወራት በአንድ የቡና ሰብሳቢ መጋዘን መዝገብ ጸሐፊ ሆኜ ሠራሁ። ከማና፣ ከጎማና ከሊሙ በኩል ገበሬዎች ጀንፈላቸውን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በአህያም በአይሱዙም ጭነው ይመጣሉ፤ መዛኙ ቁጥሩን ይጠራል፤ እኔ በፈረሱላ አስልቼ እጽፋለሁ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ሚዛኑ ግን ጤነኛ አልነበረም፤ ከየጆንያው ሁለት ሦስት ኪሎ ይበላል። ይህን መዛኙም፣ አሠሪዬም፣ እኔም እናውቅ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ሁለት ጆንያ አምጥተው የተጠራውን ቁጥር ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ከመዛኙ ጋር አልተከራከሩም። ደብተር ይዤ ስላዩኝ የተማረ ሰው አይዋሽም ብለው ይሆናል፣ ወደ እኔ ዞር ብለው በኦሮምኛ «ልጄ፣ ልክ ነው?» አሉኝ። አሠሪዬ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። «ልክ ነው እናቴ» አልኳቸው። ብሩን ተቀበሉ፤ ሁለቴ ቆጠሩት፤ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

በዚያው ቀን ማታ የመዘምራን ልምምድ ነበረን፤ የተለማመድነውም መስቀል ተሸክሞ ስለ መከተል የሚናገር መዝሙር ነበር። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይኸው ነው። አሠሪዬ አልዛተብኝም፤ እናቲቱም አልጮኹብኝም፤ የሆነው አንድ አጭር ጥያቄና አንድ አጭር መልስ ብቻ ነው። ኢየሱስ በሉቃስ 16፥10 ከሁሉ በሚያንስ የታመነ በብዙ ደግሞ የታመነ ነው ያለውን፣ ብዙ ጊዜ የሹመትና የሀብት መሰላል አስመስለን እንሰብከዋለን። እኔ ከዚያ ወዲህ እንደ ሐኪም ምርመራ ነው የማነበው፤ በጣት ጫፍ ደም የሰውነት ሁሉ ሕመም እንደሚታወቅ፣ በሦስት ኪሎ ጀንፈል የሰው እምነት ይታወቃል።

ይህን ስል በስውር የቆየ ሁሉ ከሐዲ ነው ማለቴ አይደለም። የአርማትያሱ ዮሴፍ አይሁድን ስለ ፈራ ተሰውሮ የቆየ ሰው እንደ ነበረ ዮሐንስ ይነግረናል፤ ነገር ግን በዚያው ዓረፍተ ነገር ደቀ መዝሙር ይለዋል፤ ስሙን አልነፈገውም። ሰይፍ የመዘዘው በሌለበት በዚያ ዓርብ ማታ፣ ማርቆስ እንደ ጻፈው ዮሴፍ ደፍሮ ወደ ጲላጦስ ገባና ሥጋውን ለመነ። ድሮ በሌሊት የመጣው ኒቆዲሞስም መቶ ንጥር ያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ ደረሰ። በዛሬ ልክ ከሠላሳ ኪሎ በላይ፣ በእኛ ቋንቋ ሁለት ፈረሱላ ያህል መሆኑ ነው፤ ይህን የሚያህል ሸክም ተደብቆ አይጓጓዝም።

ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ለእኅታችን ጥያቄ እጅግ የሚቀርበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ250 የሆነው ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት ዴክዮስ በግዛቱ የሚኖር ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋና ስለ መሠዋቱ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ከእነዚህ ወረቀቶች ከአርባ በላይ የሚሆኑት በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተጠብቀው ተገኝተዋል። ይዘታቸውን ያነበበ ሰው የሚገርመው መደበኛ የቢሮ ቅጽ መምሰላቸው ነው፦ የአመልካቹ ስምና መንደር፤ ዘወትር ለአማልክት ሲሠዋ እንደ ኖረና አሁንም በሹማምንቱ ፊት እንደ ሠዋ፣ እንደ ቀመሰም የሚገልጽ ቃል፤ ይፈረምልኝ የሚል ልመና፤ ከዚያም ፊርማና ቀን። ብዙ ክርስቲያኖች ፈርተው ሠዉ። ሌሎች ግን ብልኀት አገኙ፤ መሠዊያው አጠገብ ሳይደርሱ ለሹሙ ገንዘብ ሰጥተው ወረቀቱን ብቻ ገዙ። እጃቸው ጣዖት አልነካም፤ ወረቀት ብቻ ነው። ስደቱ ሲበርድ ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ከሠዉት ለይታ ቀለል ባለ ንስሓ ተቀበለቻቸው፤ ሆኖም ምንም አላደረጋችሁም አላለቻቸውም። ያልተደረገውን ተደረገ የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀት በዚያ ዘመንም እንደ ቃል ይቆጠር ነበር። ከሞዴል 19 ጋር ያለውን ዝምድና ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ይህን ጉዳይ ከዳኙት ዋነኛው የካርቴጅ ጳጳስ ቆጵርያኖስ ራሱ ከሐሜት አልዳነም። ስደቱ እንደ ተነሣ ከተማውን ለቅቆ ተሸሸገ፤ ከተሸሸገበትም ደብዳቤ እየጻፈ ምእመናኑን መራ። እረኛው መንጋውን ጥሎ ሸሸ ያሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ258 በሌላ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ሞት ሲፈረድበት ግን አልሸሸም፤ አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ። ከእርሱ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የኖረው የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፐስም እንዲሁ ወዳጆቹ ለምነውት ወደ እርሻ ቤት ተሸሽጎ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ተዛውሮ ነበር። ሲያገኙት ለያዡ ወታደሮች ምግብና መጠጥ እንዲቀርብላቸው አዘዘና ለራሱ የጸሎት ጊዜ ብቻ ለመነ። ክርስቶስን እንዲሰድብ በሕዝብ ፊት ሲጠየቅ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመት እንዳገለገለው፣ እርሱም አንዳች ክፉ እንዳላደረገበት ተናግሮ፣ ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ ሲል መለሰ። በመልሱ ውስጥ ፉከራ የለም፤ ከአንድ ጌታ ጋር የኖረ ሽማግሌ የትዳሩን ዘመን እንደሚቆጥር ዓመቱን ይቆጥራል። የሰምርኔስ ምእመናን ይህን የጻፉበት መልእክት በስብከታችን ብዙም የማይነሣ ሌላ ሰውም ይጠቅሳል፤ ከፍርግያ የመጣ ኮይንቶስ የሚባል ሰው ማንም ሳይፈልገው ራሱን ለስደት አቀረበ፣ ሌሎችንም አደፋፈረ፣ አራዊቱን ባየ ጊዜ ግን ተንቀጥቅጦ ማለም ሠዋም። የተሸሸገው ጸና፤ የፎከረው ካደ። ምእመናኑም ራሳቸውን ወደ ሞት የሚወረውሩትን አናመሰግንም ብለው ጽፈዋል። ኢየሱስ ራሱ በማቴዎስ 10፥23 በአንዲት ከተማ ቢያሳድዷችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ ብሎ ነበርና።

በአገራችን አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጣሊያን ጥይት ሲገደሉ፣ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ከጅማ አልፎ በኢሉባቦር፣ ጎሬ ላይ አቡነ ሚካኤል ተመሳሳይ ጽዋ ተቀበሉ። የመጀመሪያውን አባት ሐውልት ያላየ የለም፤ የሁለተኛውን ስም የሚያነሣ ግን በእኛው በምዕራቡ በኩል እንኳ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ከአገር የሚወጡበት ዕድል ተከፍቶላቸው ሳለ ሕዝባቸውን ትተው ለመሄድ አልፈቀዱም፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፤ አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ታስረዋል። ቆጵርያኖስ ስለ መንጋው ሸሸ፤ ቄስ ጉዲና ስለ መንጋቸው አልሸሹም። እግርን ብቻ የሚያይ ሰው አንዱን ፈሪ፣ ሌላውን ጀግና ይላል። እኔ ግን የምጠይቀው የሸሸው ለማን ብሎ ነው፣ የቀረውስ ለማን ብሎ ነው የሚለውን ነው። ለራሱ ስም ብሎ የሚቀር አለ፤ ለሌላው ነፍስ ብሎ የሚሸሽም አለ።

ወደ ጴጥሮስ ልመለስ፤ ታሪኩ በእሳቱ ዳር አላበቃምና። አማርኛ «ካደ» እና «ከዳ» የሚሉ በድምፅ የተቀራረቡ ሁለት ቃላት አሉት። ጴጥሮስ ካደ፤ ይሁዳ ከዳ። አንዱ በድንገት በመጣ ጥያቄ አፉ ከዳው፤ ሌላው በሠላሳ ብር ዋጋ ተደራድሮ ቀን ጠበቀ። ሁለቱም አዝነዋል፤ ማቴዎስ ይሁዳ እንደ ተጸጸተና ብሩን እንደ መለሰ ጽፏል። የተለያዩት ከዚያ በኋላ በሄዱበት መንገድ ነው። በዮሐንስ 21 ጴጥሮስ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወጣ ፍም ተቀጣጥሎ፣ ዓሣም በላዩ ተቀምጦ አገኘ። ከሰል በምድጃ አያይዘን ቡና የምናፈላ ሰዎች የፍም ሽታ ምን ያህል ትዝታ እንደሚቀሰቅስ እናውቃለን፤ በወንጌሉ ውስጥ ፍም የተጠቀሰው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው፤ በካደበትና በተመለሰበት። ኢየሱስ ለምን ካድኸኝ አላለውም፤ ለወደፊቱ ደፋር ትሆናለህ ወይ ብሎም ቃል አላስገባውም። ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው። ሦስት ጊዜም በጎቹን አደራ ሰጠው።

በሐዋርያት ሥራ 4፥13 ያ ሰው በሸንጎ ፊት ቆሞ በግልጥ ሲናገር እናየዋለን። የሸንጎው አባላት ጴጥሮስና ዮሐንስ ያልተማሩ ሰዎች መሆናቸውን አስተውለው ተደነቁ፤ ከዚያም ከኢየሱስ ጋር እንደ ነበሩ አወቋቸው ይላል። ሐረጊቱ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ገረዲቱ የጠየቀችውን ሸንጎው ራሱ መለሰላት። እዚህ ላይ ድፍረት ከታማኝነት የተለየ ስጦታ ሆኖ አይታየኝም፤ «ከእርሱ ጋር ነኝ» የሚለው ያው ታማኝነት ዋጋው ሲጠራ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ለሰባኪ ይመች ነበር። ጳውሎስ ግን በገላትያ ምዕራፍ 2 ሌላ ነገር ይነግረናል፤ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ከሆኑት አማኞች ጋር ማዕድ ሲቆርስ ቆይቶ፣ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ራሱን ለየ። ይሉኝታ እንደገና! ማዕድ መለየት ምን እንደሚመስል ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሰርግ ስንደግስ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም በየባርኮቱ የሚታረደው ለብቻው ነው፤ የእኛ ግን በመከባበር የሚደረግና ሁሉም በየማዕዱ ጠግቦ የሚመርቅበት ነው። የአንጾኪያው ይለያል፤ አንድ ጌታ አለን ብለው አብረው ሲበሉ የቆዩ ወንድሞች ሰው ሲያይ ነው የተተዉት። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ተቃወመው።

ይህ በየጉባኤያችን በደንብ ሊነበብ የሚገባ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ታማኝነት የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ቶሎ ወደ መሪ ይዞራል። «በተቀባው ላይ እጅህን አታንሣ» እየተባለ የሒሳብ ሪፖርት የጠየቀ ሽማግሌ ዐመፀኛ ሲባል ሰምቻለሁ። ዳዊት በሳኦል ላይ እጁን አላነሣም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ዳዊት ነግሦ በበደለ ጊዜ ነቢዩ ናታን ቤተ መንግሥት ገብቶ «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎታል፤ ዳዊትም ዐመፀኛ ነህ አላለውም። መሪን ማክበር የክርስቲያን ግዴታ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ግን የመሪው ሳይሆን የጌታው ነው። ለመሪው የሚበጀውም ይህን የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ ሲኖር ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ለእኅታችን የነገርኳት ይህን በአጭሩ ነው። አለመፈረምሽ ታማኝነት ነው፤ ያንን ማንም አይወስድብሽም አልኳት። መፍራትሽም ነውር አይደለም፤ ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው ይለፍልኝ ብሎ ለምኗል። ዞር ብለሽ መቆየትሽም መሸሽ ነው፤ መሸሽ ደግሞ ተፈቅዷል። «አሞኛል» የሚለው ግን ሳይሠዉ የተገዛው ወረቀት ነው። ይህን ስል የሚዛኑንም ታሪክ ነገርኳት፤ እርሱን ደብቄ ይህን ልነግራት አፍ አልነበረኝም።

«ጋሼ፣ ከዚያ በኋላስ ምን አደረጉ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት፤ «የቡናው ወቅት እስኪያልቅ ድረስ መጻፌን ቀጠልኩ።»

በማግሥቱ አለቃዋ ቢሮ ገባች። «ባለፈው አልታመምኩም ነበር» አለቻቸው፤ «ልፈርም ስላልፈለግሁ፣ እንቢ ልልዎትም ስለፈራሁ ነው የቀረሁት። ዕቃው ገብቶ ስቆጥረው እፈርማለሁ።» አለቃዋ ቅጹን ከጠረጴዛው አነሡና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ ምንም አልመለሱላትም። ክፍያው ወደ አዲሱ በጀት ዓመት ዞረ። ሐምሌ ላይ አበል ያለው ሥልጠና ሲመጣ ስሟ ከዝርዝሩ ወጣ፤ የጠዋት ሰላምታዋም ለብዙ ሳምንት መልስ አላገኘም።

ዕቃው በነሐሴ መጣ። ሠራተኞቹ በዝናብ ካርቶኑን ከመኪናው እያወረዱ ሲደረድሩ እርሷ እየከፈተች ቆጠረች፤ ግማሽ ቀን ፈጀባት። አንድም አልጎደለም። አለቃዋ ከግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሲያዩ ቆይተው «አየሽ?» አሏት።

«አሁን አየሁ» አለችና ሞዴል 19ኙን ቆርጣ ፈረመች።